ውሰድ፣ ውሰጂ፣ ውሰዱ

መርሳ ላይ በአንድ የግል መድኃኒት ቤት ተቀጥሬ ስሠራ፣ በየቀኑ በእጄ በሚያልፈው የሐኪም ማዘዣ ሁሉ አናት ላይ አንዲት ምልክት ነበረች፤ እግሯ ላይ ሰረዝ የተሻገረባት የፈረንጅ ፊደል፣ አር። ትርጉሟን ጠይቄ አላውቅም። ኮሌጅም ያስተማሩን ከሥሯ ስለሚጻፈው መድኃኒት እንጂ ስለ እሷ አልነበረም። የነገሩኝ አከራዬ ናቸው።

አከራዬ ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ መምህር ነበሩ። በልጅነታቸው ቄስ ሊሆኑ ካቶሊኮች ትምህርት ቤት ገብተው፣ ስድስት ዓመት ላቲን ከተማሩ በኋላ ሴት ወድደው ጥለው የወጡ ሰው ናቸው። ያቺ የወደዷት ሴት ሚስታቸው ሆና ኖራ፣ እኔ ግቢያቸው ከመግባቴ በፊት ሞታለች። አንዲት ልጃቸው ወልድያ አግብታ ትኖራለች። እሳቸው ትልቁ ቤት፣ እኔ ከውጭ በሩ አጠገብ ያለችው ክፍል ውስጥ ነበርን። ሰፈሩ ሁሉ «መምህር» ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው።

ያቀራረበን ግን በሽታችን ነው። ሁለታችንም ስኳር አለብን። የእኔ ከአሥራ አንድ ዓመቴ ጀምሮ ነው፤ ያለ ኢንሱሊን ሳምንት አልዘልቅም። የእሳቸው በጉልምስና የመጣ ነው፤ ያለ መርፌ ጥቂት ጊዜ መቆየት ይችላሉ፣ ግን ከእግራቸው እየበሰበሱ ነው የሚቆዩት። ጠዋት ጠዋት በረንዳቸው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ እሳቸው ጭናቸውን እኔ ክንዴን እየወጋን እናወራ ነበር።

አንድ ቀን የራሳቸውን ማዘዣ አውጥተው ምልክቷ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ።

«ይህቺን ታውቂያታለሽ?»

«የማዘዣ ምልክት ናት፣ መምህር።»

«ምን ትላለች?»

«ምንም አትልም። ምልክት ናት እኮ።»

ሳቁብኝ። «ትናገራለች እንጂ! ‹ሬቺፔ› ነው የምትለው። ላቲን ነው፤ ትእዛዝ ነው። ‹ውሰድ› ማለት ነው።»

እኔም ሳቅሁ። እንዲህ ያለ ነገር የሚያውቅ ሰው መርሳ ውስጥ፣ ያውም እኔ የምኖርበት ግቢ ውስጥ መኖሩ ደስ አለኝ። ያኔ ይህ ግስ በኋላ የሚያቅለሸልሸኝ አይመስለኝም ነበር።

ጦርነቱ ከሰሜን ወደ እኛ ሲወርድ፣ መጀመሪያ የቆቦ ሰዎች ቀጥሎም የወልድያ ሰዎች በመኪናም በእግርም በመርሳ በኩል አለፉ። ፍራሽ የተሸከመ፣ ዶሮ ያቀፈ፣ ሽማግሌ በባጃጅ የጫነ፤ መንገዱ አልበቃ አለ። የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ቁልፉን ሰጥቶኝ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ደሴ ሄደ። መምህር «በዚህ እግሬ የት እደርሳለሁ?» ብለው ቀሩ። እኔም ቀረሁ። ለእሳቸው ብዬ የቀረሁ አስመስዬ ለብዙ ሰው ተናግሬያለሁ፤ እውነቱ ግን የምሄድበት አልነበረኝም።

መብራት በጠፋ በማግስቱ፣ ተኩስ ከሩቅ እየተሰማ፣ ወደ መድኃኒት ቤቱ ሄድኩና ማቀዝቀዣው ውስጥ የቀረውን ኢንሱሊን በሙሉ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። መብራት ከሌለ ይበላሻል ብዬ ነው። እውነት ነው፤ ይበላሽ ነበር። እንዲህ ያለች የምትጠቅም እውነት ስትገኝ ሰው ምን ያህል እንደሚደሰት ያን ቀን በራሴ አየሁ። ከሐብሩ ገጠር እየመጡ ያንኑ መድኃኒት ከእጄ የሚወስዱ ሰዎች ነበሩ። ፊታቸውን አውቃለሁ። አንዷ በየወሩ ስትመጣ ከጓሮዋ ሎሚ በፌስታል ታመጣልኝ ነበር። ብልቃጦቹን ስሰበስብ ትዝ አለችኝ፤ ዚፑን ዘጋሁ።

ክፍሌ ገብቼ ትንሽ ማሰሮ በትልቅ ማሰሮ ውስጥ አስቀመጥኩ፣ በመሃላቸው እርጥብ አሸዋ ሞላሁ፣ ብልቃጦቹን ከውስጥ ከትቼ በጨርቅ ሸፈንኩና አልጋዬ ሥር ገፋሁት። በቀን ሁለት ጊዜ አሸዋውን ውሃ አጠጣ ነበር።

ታጣቂዎቹ ከገቡ በኋላ ሁለት ሰዎች መጥተው ቁልፉን ጠየቁኝ፤ ሰጠኋቸው። እነሱ የሚወስዱትን ያውቁ ነበር። አንደኛው ጓንት ለብሶ መደርደሪያውን እያነበበ የቁስል መድኃኒት፣ ፋሻና ማደንዘዣ ለይቶ አስጫነ። በሩን ክፍት ትተውት ሄዱ።

ከዚያ በኋላ የገቡት የእኛው ሰዎች ናቸው። መንገዱ ማዶ ካለው አጥር ሥር ቆሜ አየኋቸው። ምንም ሳይመርጡ ያገኙትን ነው የሚያፍሱት። አንዱ የመስተዋት መደርደሪያውን ተሸክሞ ሲወጣ ተሰበረበትና ስብርባሪውን ረግጦ ለሌላ ተመለሰ። ሁለት ሴቶች የሽሮፕ ካርቶን ይዘው ተጓተቱ። የቅሬያችን፣ የእድራችን ማለት ነው፣ ዳኛ፣ ሰው ሲሞት ድንኳን የሚያስተክሉት፣ ለቅሶ ላይ ተነስተው ስለ ሰው ከንቱነት የሚናገሩት ሰው፣ የሕፃናት ሚዛኑን በብብታቸው ይዘው ጆንያ እየጎተቱ ወጡ። አዩኝ። «ከሚበላሽ እናትርፈው ብለን ነው፣ ልጄ» አሉኝ። የእኔው ምክንያት ነበር፤ ቃል በቃል ማለት ይቻላል።

ሰው ሲያልቅ ገባሁ። ሽታው ከበሩ ጀመረኝ። ከባንኮኒው ኋላ፣ ማዘዣዎችን የምናስቀምጥበት ፋይል ላይ ሰው ተጸዳድቶበታል። አንድ ሰው ብቻም አልነበረም። መሬቱ ላይ ሽሮፑ ፈስሶ ክኒኖቹ ተረግጠው ሊጥ ሆነዋል፤ ዝንቡ ከጣሪያ እስከ ወለል ነው። መስረቁን እረዳለሁ፤ ቸግሮት ነው፣ ፈርቶ ነው ይባላል። እየሰረቁ መሃል ላይ ሱሪን ፈትቶ መቀመጥ ግን ምን ይባላል? እስከ ዛሬ አልገባኝም። ደጅ ወጥቼ ግድግዳ ተደግፌ አስመለስኩ።

በሳምንቱ ዳኛው ያንኑ ጆንያ በአህያ አስጭነው ግቢያችን መጡ።

«አንቺ ታነቢያለሽ» አሉኝ። «ይሄ የራስ ምታት፣ ይሄ የሆድ ብለሽ ለይልኝ። ገበሬው እህል ይዞ ሲመጣ እለውጥበታለሁ። ሕዝቡም ይጠቀማል።»

«ጋሼ፣ የተቀላቀለ ክኒን ለሰው አይሰጥም እኮ።»

«እሱን ለእኔ ተይው። አንቺ ለይ ብቻ። ዱቄት እልክልሻለሁ።»

እምቢ ማለት ነበረብኝ። ዱቄት ከጨረስን አራት ቀናችን ነበር፤ ከግቢው ፓፓያ በስተቀር የሚበላ የለም፣ ፓፓያ ደግሞ ለእኔና ለመምህር ስኳር ነው። ጆንያውን በረንዳው ላይ ዘርግፌ ለየሁ። የእርግዝና መከላከያ ከወስፋት መድኃኒት፣ የደም ግፊት ከወባ ጋር ተደባልቋል፤ ግማሹ በእርጥበት ሻግቷል። ዳኛው ዱቄቱን ላኩልኝ። ጋገርኩት፤ በላሁት።

ሥራ የለ፣ መንገድ የለ፣ ስልክ የለ። መምህር ቀኑን የሚገፉበት ሲያጡ «ነይ ላቲን ላስተምርሽ» አሉኝ። የመጀመሪያው ግስ ያቺው የማዘዣዋ ሆነች። ባልተጻፈባቸው የማዘዣ ወረቀቶች ጀርባ ላይ ያስጽፉኝ ነበር።

«የእኛ ግዕዝ ሲረባ ከ‹እሱ› ነው የሚጀምረው» አሉ የመጀመሪያው ቀን። «ስለ ሌላ ሰው ተናግረሽ ተናግረሽ መጨረሻ ላይ ራስሽ ጋ ትደርሻለሽ። ላቲን ግን ከ‹እኔ› ነው የሚነሳው። ራስሽን ሳትጠሪ ወደ ሌላው አታልፊም። በይ፤ ሬቺፒዮ።»

«ሬቺፒዮ።»

«እወስዳለሁ። ሬቺፒስ፣ ትወስዳለህ፤ ትወስጂያለሽም ያው ነው፣ ሴትና ወንድ አይለይም። ሬቺፒት፣ ይወስዳል። ሬቺፒሙስ፣ እንወስዳለን። ሬቺፒቲስ፣ ትወስዳላችሁ። ሬቺፒዩንት፣ ይወስዳሉ።»

ደስታቸው የልጅ ነበር። እየጻፍኩ አንገቴን አላቀናሁም። በየቀኑ ጠዋት የመጀመሪያዋ ቃል እሷው ናት፤ እወስዳለሁ። አልጋዬ ሥር ያለው ማሰሮ ከተቀመጥንበት አሥር እርምጃ አይርቅም።

ሌላ ቀን የግሱን ትርጉም ሲተነትኑልኝ፣ ከፊት ያለችው «ሬ» መልሶ ማለት እንደሆነች፣ ቀሪው መያዝ እንደሆነ ነገሩኝ። መልሶ መያዝም፣ መቀበልም፣ መውሰድም ይሆናል። ከዚያ ቆም አሉና «ሐኪሙ ‹ውሰድ› ብሎ የሚያዘው ማንን ይመስልሻል?» ብለው ጠየቁኝ።

«በሽተኛውን ነዋ።»

«ሁሉም እንደዚያ ይመስለዋል። በሽተኛው ላቲን የት ያውቃል? የሚጻፈው ለመድኃኒት ቀማሚው ነው። ከዚህ ይህን ያህል፣ ከዚያ ያን ያህል ውሰድ፣ ቀምመህ ስጠው ነው የሚለው። የሚያዘው አንቺን ነው።»

ያወቁብኝ መስሎኝ ደነገጥኩ። ቀና ብዬ ሳያቸው ግን ፈገግ ብለው መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጫፍ እየጠረጉ ነበር። ምንም አላወቁም።

ብርቱካኑ መቅላት ሲጀምር የመምህር ኢንሱሊን አለቀ።

«እንዲያው ከሱቁ የተረፈ የለም?» አሉኝ።

«ሁሉም ተዘርፏል፣ መምህር።»

«ለአንቺስ?»

«ትንሽ አለችኝ። ቀደም ብዬ ለራሴ የገዛኋት።»

«ተመስገን። አንቺ ገና ልጅ ነሽ» አሉና ወደ ግሳቸው ተመለሱ።

ከዚያ በፊት ድንጋይ መቷት የቆሰለችው የእግራቸው ትንሿ ጣት አልድን ብላ ነበር። አሁን ጠቆረች፤ ጥቁረቱም ወደ ጎረቤቷ ጣት ተሻገረ። ጠዋት ጠዋት በጨው ውሃ እያጠብኩ በተቀደደ ነጠላ አስርላቸው ጀመር። ጨርቁ ሲፈታ የሚወጣው ሽታ እስከ ማታ ከአፍንጫዬ አይለቅም። እጄን በአመድ፣ በሎሚ፣ በአሸዋ ፈትጌ ታጥቤዋለሁ። ምግብ ስጎርስ ጣቶቼ ይሸቱኛል።

«አስጠላሁሽ፣ ልጄ» አሉኝ አንድ ቀን።

«ኧረ በፍጹም፣ መምህር!»

ዋሽቻለሁ። እግራቸው አስጠልቶኛል። ከእግራቸው የባሰ ያስጠላኝ ግን እጄ ነው፤ ያን ቁስል በርኅራኄ የሚያጥበው እጄ፣ ከዚያ ክፍሌ ገብቶ ማሰሮውን የሚከፍተው ያው እጄ። ምስጋናቸውን መስማት አልቻልኩም። «እንደ አንቺ ያለ ልጅ ከየት ይገኛል» ይሉኛል፤ እኔ ወደ መሬት አያለሁ።

አንድ ጠዋት አልነቃ አሉ። በራቸውን ገፍቼ ስገባ ዓይናቸው ተገልጧል፤ ግን ሚስታቸው መስያቸዋለሁ። «ውሃ ስጪኝ፣ ደግሞ ሱቅ አትሂጂ፣ ከእኔ ጋር ሁኚ» ይሉኛል። አፋቸው የበሰበሰ ፍሬ ይሸታል። ያን ሽታ አውቀዋለሁ፤ በልጅነቴ ከራሴ አፍ ወጥቶ እናቴን ያስጮሃት ሽታ ነው። ሮጬ ማሰሮውን ከፈትኩ። ወጋኋቸው፤ ውሃ በማንኪያ በማንኪያ አጠጣኋቸው። ያን ቀንና በማግስቱ ከአጠገባቸው አልተነሳሁም። በሦስተኛው ቀን ወደ ራሳቸው ተመለሱና ያልጠበቅሁትን ጥያቄ ጠየቁኝ።

«ከየት አመጣሽው?»

ከራሴ ነው ብል ዳግመኛ አልወጋም እንደሚሉ ገባኝ፤ አፌ ላይ የመጣው ይህ ነበር፦ «ከዳኛው ጆንያ ውስጥ... ሥር ላይ አገኘሁ።»

እንባቸው መጣ። «እና እኔ በልቤ ሌባ ስለው ከረምኩ! እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። አስነሺኝ፤ ሄጄ ላመሰግነው።»

እግርዎ፣ ድካምዎ፣ ነገ ይሁን ብል ማን ሰምቶኝ። ከዘራቸውን በአንድ እጅ፣ ትከሻዬን በሌላው ይዘው፣ የበሰበሰ ፓፓያ የተበተነበትን መንገድ ተሻግረን ዳኛው ደጅ ደረስን። ዳኛው ቁርስ እየበሉ ነበር። መምህር ቆመው፣ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሕይወቴን አተረፍከኝ አሏቸው።

ዳኛው የሚባለው ነገር እንዳልገባቸው ፊታቸው ያስታውቃል። ወደ እኔ አዩ፤ ወደ መምህር አዩ። ከዚያ ፊታቸው ቀስ ብሎ ተፈታና ጉርሻቸውን ዋጡ።

«ኧረ ምን አለበት፣ መምህር! አንቱ ያላገኙት መድኃኒት ለማን ሊሆን? ይሄን ሁሉ የደከምኩት እኮ ለወገን ብዬ ነው። ይኸው ዛሬ ለአንቱ ደረሰ።»

መምህር እጃቸውን ዘርግተው መረቋቸው። ዳኛው በሙሉ አፋቸው «አሜን» አሉ። እኔም አልኩ። ከንፈራቸው ላይ የወጥ ዘይት ነበር፤ ያ ዘይት እስከ ዛሬ ይታየኛል።

በዚያው ቀን ከሰዓት ዳኛው ብቻቸውን መጡ፤ ክፍሌ በር ላይ ቆሙ።

«ከጆንያዬ ስንት ሰረቅሽኝ?» አሉ። ድምፃቸው የለቅሶ ቤቱ አልነበረም። «የስኳር መድኃኒት ምን ያህል እንደሚፈለግ አላውቅም ብለሽ ነው? የቀረውን አውጪ።»

«ከጆንያዎ ምንም አልወሰድኩም።»

«እና መምህር ውሸታም ናቸው? በአንደበታቸው አይደል የተናገሩት?»

መምህር በረንዳው ላይ ሆነው ይሰሙ ነበር። በከዘራቸው ተደግፈው ተነሱ። «ምንድን ነው እሱ?» አሉ። ከዚህ በኋላ የምዋሸው አልቀረኝም። ማሰሮውን ከአልጋዬ ሥር ጎትቼ በሁለቱም ፊት ደጅ ላይ አስቀመጥኩና ጨርቁን ገለጥኩ።

«ከጆንያው አይደለም» አልኩ። «ከሱቁ ነው። ከሁሉም በፊት የወሰድኩት እኔ ነኝ።»

ዳኛው ሳቁ። ሳቃቸው ውስጥ ክፋት አልነበረም፤ እንደ ዘመድ ነበር የሳቁልኝ፣ ከአንድ ቤት የወጣን እንደሆንን ሁሉ። ከዚያ የባሰ ስድብ ተሰድቤ አላውቅም። «እንግዲያው ተስማሙ» ብለው ሄዱ።

መምህር ማሰሮውን ሲያዩ ቆዩ።

«እግሬን ስታጥቢ ይሄ እዚህ ነበር?»

«አዎ።»

«ለገጠሮቹስ ሰጥተሻቸዋል?»

«አልሰጠሁም።»

«መጥተው ጠይቀውሻል?»

«ሁለቱ መጥተዋል። የለም ብዬ መለስኳቸው።»

ይጮሁብኛል ብዬ ጠበቅሁ። አልጮሁም። «አሁን ከፊቴ ዞር በይልኝ» አሉና ገቡ።

በማግስቱ ብልቃጦቹን ለሁለት ከፍዬ ግማሹን ከነማሰሮው በራቸው ላይ አስቀመጥኩ። ወሰዱት። መርፌያቸውን ብቻቸውን መውጋት ጀመሩ። እግራቸውን ግን ጎንበስ ብለው መድረስ ስለማይችሉ እኔው ማጠቤን ቀጠልኩ፤ እሳቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው፣ እኔ አፍንጫዬን ሳልሸፍን። ላቲኑ ቀረ። ሎሚ ታመጣልኝ የነበረችው ሴት ካባረርኳቸው ከሁለቱ አንዷ ናት፤ ዳግመኛ አልመጣችም። ቀበሌዋን አውቃለሁ። ሄጄ አልጠየቅሁም፤ መልሱን ፈርቼ ነው።

ከተማዋ ስትለቀቅና መንገድ ሲከፈት የመምህር ልጅ ከወልድያ በጭነት መኪና መጥታ ወሰደቻቸው። ሐኪሞች ሁለት ጣታቸውን ቆረጡ፤ እግራቸው ተረፈ። መርሳ ላይ የተዘረፈ ንብረት የሚያስመልስ ኮሚቴ ሲቋቋም ዳኛው ሰብሳቢ ሆነው ተመረጡ። ስብሰባው ላይ ስለ ሕሊና የተናገሩትን ሰምቼ የሚያጨበጭበውን ሰው ፊት አንድ በአንድ አየሁ፤ ግማሹን ሱቁ ሲዘረፍ አይቼዋለሁ። የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ተመልሶ የጠፋውን ዘርዝሪልኝ ሲለኝ፣ ኢንሱሊን ጋ ስደርስ «ተወስዷል» ብዬ ጻፍኩ። ማን እንደወሰደው የማትናገር ግስ ናት። ጽፌ ሳበቃ ብዕሩን መጣል አማረኝ።

ሥራውን ለቅቄ ወደ ሌላ ከተማ ከመሄዴ በፊት መምህርን ልጠይቅ ወልድያ ሄድኩ። ልጃቸው ከበሩ ጀምራ አቅፋ ሳመችኝ፤ ምሳ አቀረበች። እሳቸው እግራቸውን ትራስ ላይ አሳርፈው ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ከስተዋል። «ስኳርሽ እንዴት ነው?» አሉኝ። «ደህና ነው» አልኳቸው። ከዚያ ወዲያ ስለ ዝናቡና ስለ ባጃጅ መወደድ አወራን።

መርፌዬን ለመውጋት ጓዳ ስገባ ልጃቸው ተከተለችኝ። እጇን ትከሻዬ ላይ ስታደርግ አልቻልኩም።

«አንድ ነገር ልንገርሽ» አልኳት። «አባትሽን ያዳንኳቸው እንዳይመስልሽ።»

«ነግሮኛል» አለች። እጇን አላነሳችም፤ አላጠበቀችውምም። «ሁሉንም ነግሮኛል። ከነገረኝ በኋላ ስድስት ወር ሙሉ ጠልቼሻለሁ። አሁንም ሙሉ በሙሉ አልወጣልኝም። ውጊና ነይ፣ ወጡ ሳይቀዘቅዝ ብዪ።»

ወጋሁ። ወጥቼ ከመምህር ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። የቀረበልኝን በሙሉ በላሁ።